ጥፋቱ የካልኩሌተሩ ነውን?

ፈተና በቀረበ ቍጥር «ካልኩሌተሩ አበደ» የሚል ስሞታ መስማት ለምደናል። ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፣ እኛ ይህን ክስ አንቀበለውም።

በእኛ በእንጅባራ ግራፍ የሚሥል ካልኩሌተር ያለው ተማሪ ጥቂት ስለ ሆነ፣ ያለው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። መኪናው ደግሞ ቢዘጋም የመጨረሻውን ሰው ትእዛዝ አይረሳም። ትናንት በራዲያን የሠራበት የፊዚክስ ተማሪ፣ ዛሬ በዲግሪ ለሚሠራው የቅየሳ ተማሪ ምንም ሳይነግረው ያስረክበዋል።

ወደ ዘንገና ሐይቅ ስንሄድ ካገኘነው ባሕር ዛፍ 20 ሜትር ርቀን ጫፉን በ45 ዲግሪ አየነው እንበል። የተመልካቹን ቁመት ብንተወው ዛፉ 20 ሜትር ነው። መኪናው በራዲያን ላይ ከሆነ ግን 32.4 ሜትር ይላል፤ በግራድ ላይ ከሆነ 17.1። ማዕዘኑ 30 ዲግሪ ቢሆን ኖሮ ራዲያኑ ዛፉን ከዜሮ በታች 128 ሜትር ያደርገው ነበርና ሁላችንም ሥቀን ባረምነው። የሚጎዳን የማያሥቀው 32.4 ነው፤ ይህን የሚያህል ባሕር ዛፍ ቢኖር ማን ይጠረጥራል?

ግራፉም እንዲሁ ነው። መኪናው በዲግሪ ላይ ሳለ የሳይንን ግራፍ ከ−10 እስከ 10 ባለው መስኮት ብናይ፣ ማዕበሉ ቀርቶ በአግድሙ መስመር ላይ የተኛ ክር ይታያል፤ በ10 ዲግሪ ከፍታው 0.17 ብቻ ነውና። ታንጀንት በ90 ዲግሪ ላይ አንዳንድ ጊዜ የሚያቆመው ምሰሶም የግራፉ አካል አይደለም። የቀድሞው ቲአይ 84 ፕላስ ስክሪን 96 በ64 ነጥብ ብቻ ስለ ሆነ፣ ላይ ያለውን ነጥብ ከታች ካለው ጋር በጭፍን ያገናኘዋል።

በቅንፍ ነገር ግን መኪኖቹም እርስ በርሳቸው አይስማሙም። ኤክስ 4 ሆኖ ሳለ 1/2ኤክስ ብለን ያለ ቅንፍ ብንጽፍ፣ ቲአይ 82 መልሱን 0.125 ሲል ቲአይ 83 ግን 2 ይላል። የአንድ ፋብሪካ ልጆች ናቸው!

ብዙዎቻችን መድኀኒቱ «ሪሴት» ይመስለናል። ሪሴት የባለቤቱን ፕሮግራም ጠራርጎ ያጠፋል (ለተዋሰ ሰው ነውር ነው)፤ የጎደለውን ቅንፍ ግን አይመልስም።

ስለዚህ ካልኩሌተር የተቀበለ ሁሉ አስቀድሞ ሳይን 30ን ይጠይቀው። 0.5 ካለ ዲግሪ፣ −0.988 ካለ ራዲያን፣ 0.454 ካለ ግራድ ነው። ቅንፍም አይቈጠብ። ቍልፉ ከመነካቱ በፊት በእጅ የተሠራ ግምት በወረቀቱ ላይ ይስፈር። መምህራኖቻችንም ለዚያች የግምት መስመር ነጥብ እንዲሰጡ እንጠይቃለን፤ የመጨረሻው ቍጥር ብቻ ሲታረም፣ ራዲያን ያሳሳተው ተማሪና ትምህርቱ ጨርሶ ያልገባው ተማሪ እኩል ዜሮ ይቀበላሉ።