የትኛው ማንኪያ?

ሰሞኑን አንድ የልጅ ሽሮፕ ጠርሙስ አይቼ ንድድ ብሎኛል። የተለጠፈበት ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ «1 ማንኪያ፣ በቀን 3 ጊዜ» ይላል። በቃ። የትኛው ማንኪያ?

አማርኛ እኮ በዚህ በኩል ድሃ አይደለም ወዳጆቼ። ወጥ የምናማስልበት ማማሰያ ነው፤ ከድስቱ የምናወጣበት ጭልፋ ነው። ጭልፋ አምጪ ብላ ማማሰያ የመጣላት እናት ዝም አትልም። ዕርፈ መስቀሉንማ «ማንኪያ» በሉትና የዲያቆኑን ፊት እዩ! ለወጡም ለቁርባኑም ስም ለይተን ስናበቃ፣ የታመመ ሕፃን አፍ የሚገባው ላይ ስንደርስ ነው «ማንኪያ» ብለን የምናልፈው።

በመድኃኒት ልኬት የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ነው። የሾርባ ማንኪያ 15። ሦስት እጥፍ! በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም ያለውን የፓራሲታሞል ሽሮፕ ውሰዱ። በሾርባ ማንኪያ ከተሰጠ 360 ሚሊ ግራም ገባ ማለት ነው። ለትንሽ ልጅ ይህ ለቀናት ሲደጋገም ጉበት ሊጎዳ ይችላል። («ፓራሲታሞል ምን ያደርጋል?» የምትሉ፣ ይሄን ያደርጋል።) ደግሞ የየቤታችን ማንኪያ መጠኑ አንድ አይደለም፤ የሻይ የተባለው ራሱ አንዱ ጎድጓዳ፣ አንዱ ዝርግ ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2015 ማንኪያ የሚባል መለኪያ ይቅር፣ የልጆች ፈሳሽ መድኃኒት በሚሊ ሊትር ብቻ ይታዘዝ ያለው ወዶ አይደለም።

ይሄን ስናገር ሁልጊዜ የሚመጣልኝ መልስ አለ፦ «ሚሊ ሊትር የፈረንጅ ቃል ነው፣ እናቶች አይገባቸውም»። ኧረ እናቶችን አታሳብቡ! ዘይት በሊትር የምትገዛ፣ ሥጋ በኪሎ የምታስመዝን ሴት ናት የማይገባት? ሊትርና ኪሎስ ከየት መጡ፣ ከመንዝ? ደግሞስ ማንበብ ባትችል እንኳ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ሰጥታችሁ «እዚች መስመር ድረስ» ብሎ ማሳየት ስንት ደቂቃ ይፈጃል? የማይገባት ማንኪያው ነው፤ የትኛው እንደሆነ የነገራት የለማ!

ፋርማሲ የምትሠሩ የድሮ ተማሪዎቼ ብዙ ናችሁ። ወረፋው ረጅም እንደሆነ አውቃለሁ። ሚሊ ሊትሩን ጻፉ፣ መለኪያውን ከጠርሙሱ ጋር ስጡ። መለኪያ የሌለ ዕለት ደግሞ ቢያንስ «የሻይ» የምትለዋን ጨምሩ። ሦስት ፊደል ናት።