እስኪናጥ ድረስ ወተቱ የት ይደር?

በብቸናና በሞጣ ዙሪያ አንዲት የአገር ላም በቀን የምትሰጠው ወተት ብዙውን ጊዜ ከአንድ ወይም ከሁለት ሊትር አያልፍም። ይህን ጥቂት ወተት ብቻ በየቀኑ መናጥ ድካም ያበዛል እንጂ ቅቤ አያበዛም። ስለዚህ ወተቱ ሁለት ሦስት ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይጠራቀማል። ረቡዕና ዓርብ ጠጪ የለውም፤ ሁዳዴ ከነ55 ቀኑ ሲገባ ደግሞ የሚጠራቀመው ይብሱን ይበዛል። ወተቱ በእነዚህ ቀናት በምን ዕቃ ይቀመጥ በሚለው ላይ ግን ስምምነት የለም። ሁለቱም ወገን የሚናገረው ከልምዱ ስለሆነ አንዱን ብቻ ሰምቶ መፍረድ ይከብዳል።

አንደኛው ወገን በወይራ ጭስ የታጠነውን ቅል አይለቅም። ምክንያቱም ከመዓዛና ከጣዕም ያለፈ ነው። የወይራ ጭስ ተህዋስያንን የሚያዳክሙ ውህዶች አሉት። በቅሉ ውስጠኛ ገጽ ላይ የሚቀረው የትናንቱ እርጎ ደግሞ ለዛሬው ወተት እርሾ ይሆናል። ወተቱ ፈጥኖ ሲረጋ፣ ፈጥኖም ሲኮመጥጥ፣ የሚያበላሹት ባክቴሪያዎች የሚራቡበት ጊዜ ያጥራል። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ያው እርሾ የሚያቅፈው ገጽ ግን ቆሻሻም ያቅፋል። የቅል አንገት ጠባብ ነው፤ እጅ አይገባም፣ ውስጡም በደንብ አይታይም። በሚገባ ሳይደርቅ የተዘጋ ቅል ይሻግታል፤ ጭሱም ሽታውን ሊሸፍነው ይችላል እንጂ ሻጋታውን አያስወግድለትም። ወይራውም እንደ ድሮው በቅርብ የሚገኝ አይደለም፤ በጎጃም ደጋ ላይ አገር በቀል ዛፍ በብዛት የቀረው በየአብያተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ነው፤ ሌላውን ባሕር ዛፍ ወርሶታል።

ሌላው ወገን ክዳን ያለው የአሉሚኒየም ዕቃ ይመርጣል። አፉ ሰፊ ነው፤ በፈላ ውኃ ይታጠባል፣ ውስጡም ወለል ብሎ ይታያል። ይህ ሚዛን የሚደፋ ጥቅም ነው። ነገር ግን ዋጋው ለሁሉም ቤት አይቀልም። ደግሞም ንጹሕ ዕቃ ብቻውን ወተት አያቆይም፤ ካልቀዘቀዘና የእርጎ እርሾ ካልተጨመረበት፣ የትኛው ባክቴሪያ ቀድሞ እንደሚራባበት አይታወቅም። ወተቱን በፕላስቲክ ጄሪካን ማስቀመጥን በተመለከተ ግን ሚዛኑ እኩል አይመስለኝም። ርካሽና የማይሰበር መሆኑን አልክድም። ሆኖም እጅ አይገባበትም፣ በፈላ ውኃ መታጠብ አይችልም፣ አይታጠንም፣ ቀድሞ የያዘውንም ዘይት ሽታ አይለቅም።

«ቅቤው ተነጥሮ መፍላቱ ላይቀር ስለ ዕቃው ምን አስጨነቀን?» የሚሉም አሉ። ግማሽ እውነት አላቸው። ቅቤ በኮረሪማና በኮሰረት ሲነጠር እሳቱ አብዛኛውን ተህዋሲ ይገድላል። ሆኖም ስቡ አስቀድሞ ከተበላሸ መጥፎው ጣዕም ከንጥሩም አይጠፋም። ስታፊሎኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ወተት ውስጥ የሚተወው መርዝ ደግሞ መፍላትን ይቋቋማል። ለጋ ቅቤ፣ እርጎና አሬራም ሳይፈሉ ይበላሉ፣ ይጠጣሉ። የከብት ሳንባ ነቀርሳና ብሩሴሎሲስ በጥሬ ወተት ወደ ሰው ይተላለፋሉ፤ መኮምጠጡ ያዳክማቸው ይሆናል እንጂ ለማጥፋቱ ዋስትና የለም። የቅል ወዳጆች ይህን አቅልለው ባያዩት እወዳለሁ።

በአንጻሩ ነባሩን ዘዴ ለማሻሻል እሱን መጣል አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አዲስ አበባ የነበረው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የከብት እርባታ ማዕከል በአገሩ የሸክላ መናጫ ውስጥ የሚገባ የእንጨት ማማሰያ ሞክሮ፣ የመናጡ ጊዜ አጥሯል፤ ከወተቱ የሚወጣውም ቅቤ ጨምሯል። ሸክላው ያው ነበር።

እኔ ወደ መካከሉ አዘነብላለሁ። ለሚናጠው ወተት ቅሉ ይቆይ፤ ነገር ግን ከእያንዳንዱ መናጥ በኋላ በፈላ ውኃ ይለቅለቅ፣ ፀሐይ ላይ ተደፍቶ ይድረቅ፣ ከዚያ ይታጠን። በዚህ መንገድ እርሾው ይቀንሳልና ከደህና እርጎ አንድ ሁለት ማንኪያ መጨመር ያስፈልጋል። ገና የታለበ ትኩስ ወተት ከቆየው ጋር ወዲያው ባይቀላቀል፣ በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ቢበርድ ይሻላል፤ የደጋው ሌሊት ለዚህ ያግዛል። ለሽያጭ የሚወጣው ጥሬ ወተት በአሉሚኒየሙ ይሂድ። ይህ ሁሉ ውኃና ማገዶ ይጠይቃል፤ የሚቀዱትና የሚለቅሙት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሴቶች ናቸው፤ ስለዚህ ለሁሉም ቤት እኩል ይቻላል አልልም። ማገዶው ለሁሉም ካልበቃ ግን አስቀድሞ ሊፈላ የሚገባው ልጆች የሚጠጡት ወተት ነው።