ለአምስት ሰው የተከለከለው ለሺዎች ሲፈቀድ!

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይሉ ነበር አባቶቻችን። ሰማዩን እንኳ በታኅሣሥ 2012 ሳተላይት ሰደን ሞክረነዋል። ንጉሡ ግን እስከ ዛሬ አልተከሰሰም!

ውድ አንባብያን፣ ዛሬ የማነሳው የኮሮናውን አዋጅ ነው። «ኧረ አንተ ሰውዬ፣ እሱማ ካለፈ ስንት ዓመቱ! ስንት የሚያንገበግብ ነገር እያለ የሞተ ጉዳይ ምን ትቆሰቁሳለህ?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። በሽታው አለፈ፤ እሰየው። አዋጁ በላይኞቹ ሲጣስ የተሰበረው ነገር ግን ጠጋኝ አላገኘም። ስለዚህ እቆሰቁሳለሁ!

ከሥሩ እንጀምር። መጋቢት 4 ቀን 2012 በአገራችን የመጀመሪያው ታማሚ መገኘቱ ተነገረ። መጋቢት 30 ቀን የአምስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ክልክል። መጨባበጥ ክልክል። መጠጥ ቤት ዝግ፣ ትምህርት ቤት ዝግ። ታክሲና አውቶቡስ በግማሽ ሰው ብቻ። አፍና አፍንጫን ሳይሸፍኑ ሰው መሀል መግባት ወንጀል። ይህን የተላለፈ እስከ ሦስት ዓመት እስራት፣ ወይም ከ1,000 እስከ 200,000 ብር መቀጮ! ልብ በሉ፣ ሁለት መቶ ሺህ ብር!

አዋጁ ለምን ወጣ ብዬ አልከራከርም። ጣሊያን ምን እንደሆነች በቴሌቪዥን አይተናል። የእኛን ሐኪም ቤቶችም እናውቃቸዋለን። እኔም እንደ ሰዉ ማስክ ገዝቼ አጠለቅሁ፣ እጄን ታጠብሁ፣ ዘመድ መጠየቅ አቆምሁ። ጥያቄዬ አንድ ብቻ ነው፦ ያ አዋጅ የወጣው ለማን ነበር?

የከፈለው ማን ነው?

የምኖረው ቡራዩ ነው። ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታ ያኔ ሦስት ከተሞች ነበሩ፤ በ2015 «ሸገር ከተማ» በሚል አንድ ስም ተጠቃለሉ። ስሙ ይለወጥ እንጂ ኑሮው ያው ነው፤ ጠዋት ወደ አዲስ አበባ፣ ማታ ወደ ቤት። የቡራዩ ሰው በአሸዋ ሜዳና በአስኮ አድርጎ መርካቶ ይወርዳል። የሰበታው በዓለም ገና አድርጎ አየር ጤና ይደርሳል። የሱሉልታው የእንጦጦን ዳገት ተሻግሮ አዲሱ ገበያ ላይ ይራገፋል። እንጀራው ያለው ከተማው ውስጥ ነው፤ የሚችለው የቤት ኪራይ ያለው ደግሞ ከከተማው ውጭ ነው።

እስቲ ፍረዱ፤ ለዚህ ሰው «ቤትዎ ይቆዩ» ማለት ምን ማለት ነው? ቤት ከዋለ አይበላም። ወጣ እንዳይል፣ አሥራ ሁለት ሰው የሚጭነው ሚኒባስ ስድስት ብቻ ይጫን ተብሏል፣ ታሪፉም እጥፍ ሆኗል። ልብስ አጥባ የምታድር ሴት ሁለት ታክሲ ተሳፍራ ሄዳ ሁለት ታክሲ ተሳፍራ ስትመለስ እጇ ላይ ምን ይቀራል? የግንበኛው ረዳት ሥራው ቆሞ፣ የቤት ኪራዩ ሳይቆም ምን ይበላል? ይህን ሁሉ ሕዝቡ «ለጤናችን ነው» ብሎ ዋጠው!

ከሁሉም የከፋው ግን የእድሩ ነገር ነበር። የእኛ ሰፈር እድር ድንኳን መትከሉን ተወ። ለቅሶ ደራሽ በር ላይ ቆሞ በሩቁ «እግዜር ያጽናችሁ» ብሎ ይመለሳል። አንዲት ጎረቤቴ እናቷን በጥቂት ሰው አስቀብራ ስትመለስ፣ ሴቶቹ ሰባት ሆነው ግቢው ውስጥ ቡና አፈሉላት። ሁለት ፖሊሶች መጡ። «ሕግ ነው እማማ፣ ተነሱ» አሏቸው። ሕግ ነው ሲባሉ ስኒያቸውን አስቀምጠው ተነሱ። ሟች ተቀብራ ሐዘንተኛዋ ብቻዋን አመሸች። በዚያው ሰሞን «ርቀት አልጠበቃችሁም» ተብለው የታፈሱ ወጣቶች አንድ ፒክአፕ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ሲወሰዱ በዐይኔ አይቻለሁ። ርቀት መጠበቅን ለማስተማር መሆኑ ነው!

የአዋጁ እጅ ወዴት ነበር የረዘመው?

አዋጁ ገና ሳይወጣ መጋቢት 18 ቀን ጋዜጠኛ ያየሰው ሽመልስ ከለገጣፎ ተይዞ ታሰረ። ጥፋቱ ምንድነው ቢባል፣ መንግሥት 200,000 መቃብር እንዲዘጋጅ አዝዟል ብሎ መናገሩ ነው። ጤና ሚኒስቴር ወሬው ሐሰት ነው አለ። ሐሰት ከሆነ ማስተባበል አንድ ነገር ነው፤ ሰውን ለሳምንታት ማሰር ግን ሌላ ነገር ነው። ለአፍ ሲሆን ሕጉ እንዴት ፈጠነ!

ቀጥሎ የቤቱን ጉዳይ እንይ። አዋጁን ለማስፈጸም የወጣው ደንብ ቁጥር 466/2012 አከራይ ተከራይን እንዳያስወጣ፣ ኪራይም እንዳይጨምር ከልክሎ ነበር። ደግ አደረገ! ሰው በወረርሽኝ ጊዜ ውጭ መጣል የለበትም ማለት ነው። ታዲያ በዚያው በሚያዝያ 2012 በቦሌ ክፍለ ከተማ ወረዳ 12 የቀን ሠራተኞች ቤት በላያቸው ላይ ይፈርስ ነበር። አምነስቲ ኢንተርናሽናል ቢያንስ አንድ ሺህ ሰው ቤት አልባ ሆኗል ብሎ አወጣው። ቦታው በሕገ ወጥ መንገድ የተያዘ ነው ተባለ። ይሁንና ሕገ ወጥ የተባለውን ቤት ለማፍረስ ወረርሽኙ እስኪያልፍ መታገሥ አይቻልም ነበር? ምስኪኗ አከራይ ተከራይዋን ብታስወጣ ወንጀለኛ ናት፤ ከተማው በግሬደር ሲያስወጣ ሕግ አስከባሪ ነው። በአንድ አፍ «ቤትህ ቆይ»፣ በሌላ አፍ «ቤትህን አፍርስ»! በኋላ በ2015 የማፍረሱ ዶፍ የእኛኑ ከተሞች ሲያጥለቀልቃቸው፣ ትምህርቱን ከየት እንደቀሰሙት አላጣነውም።

ሐምሌ 26

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ሐምሌ 26 ቀን 2012፣ እሑድ። አዋጁ አልተነሣም። በሽታው ይብስ ሄዶ በየቀኑ በመቶዎች ይቆጠር ነበር። በዚያ ቀን «ድምፃችን ለግድባችን» ተብሎ ሕዝብ ደስታውን እንዲገልጽ ተጠራ። ጠሪው ማን ነው? አዋጁን ያወጀው መንግሥት! አዲስ አበባ በሰው ጎርፍ ተጥለቀለቀች። መኪና በመኪና ላይ፣ ሰው በሰው ላይ፣ ባንዲራ፣ ጥሩምባ፣ ጭፈራ። ያ «ከአራት ሰው በላይ» የሚለው ቁጥር ያን ዕለት የት ገብቶ ነበር?

ከወዲሁ ልናገር፤ ግድቡ የእኔም ነው። የመጀመሪያው ሙሌት ተሳካ ሲባል እኔም እልል ብያለሁ፤ ግን ቤቴ ሆኜ! ግድቡን መውደድና አዋጁን መጣስ ምን አገናኛቸው? «ይህን የሚጠይቅ የአገር ጠላት ነው» የሚል ካለ፣ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኸ ነው።

የቀኑን ሂሳብ ደግሞ እንሥራው። አገር አቀፉ ምርጫ ነሐሴ 23 ቀን 2012 ሊካሄድ ታቅዶ ነበር። በኮሮና ምክንያት አይቻልም ተብሎ ተላለፈ፤ ሰኔ 3 ቀን የፌዴሬሽን ምክር ቤት የሥልጣን ዘመኑን አራዘመ። ይሁን አልን። ከሐምሌ 26 እስከ ነሐሴ 23 ግን ስንት ቀን ነው? ሃያ ሰባት! ርቀት ጠብቆ፣ ማስክ አጥልቆ፣ ተሰልፎ ካርድ መጣል ሞት ያመጣል ተባለ። በዚያው ክረምት ያለ ርቀት ተሰብስቦ መጨፈር ግን ተፈቀደ። ቫይረሱ ምርጫ ጣቢያ ይገባል፣ ጭፈራ ቤት አይገባም ማለት ነው?

በዓመቱም አልተማሩም። መመሪያ ቁጥር 30/2013 ወጥቶ መጨባበጥና ያለ ማስክ መንቀሳቀስ እንደገና ሲከለከል፣ የሚጥስ እስከ ሁለት ዓመት ይታሰራል ተባልን። ሰኔ 9 ቀን 2013 ግን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለምርጫ ቅስቀሳ ጅማ ስታዲየም ተገኙ። ስታዲየሙ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። መመሪያውን ይዞ በሩ ላይ የቆመ ፖሊስ አልነበረም። የሰባቱን ሴቶች ቡና የበተኑት የት ሄደው ነበር?

ሌላው አገርስ?

«በየትም አገር ባለሥልጣን እንዲሁ ነው» የሚሉ አሉ። እንዲያው ነው? ያየሰው በተያዘበት በዚያው መጋቢት 18 ቀን የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር የቦሪስ ጆንሰን ዋና አማካሪ ዶሚኒክ ከሚንግስ፣ ሕዝቡ ከቤት አትውጣ ተብሎ ሳለ፣ ሚስቱንና ልጁን መኪና ላይ ጭኖ ከለንደን ደርሃም ድረስ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነዳ። ቆይቶ ደግሞ ባርናርድ ካስል ወደምትባል ከተማ ነድቶ ተገኘ፤ ለምን ሲሉት «ዐይኔ በደንብ ማየቱን ልሞክር ብዬ ነው» አለ! የፈረንጅም ሰበብ እንደዚህ ነው። ነገሩ ሲወጣ ግን አገሩ ታመሰ። ግንቦት 17 ቀን ሰውዬው በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት አትክልት ቦታ ጠረጴዛ ፊት ተቀምጦ ጋዜጠኞች ሲያፋጥጡት ዓለም አየ። በማግስቱ አንድ ምክትል ሚኒስትር፣ በአማካሪው ተቆጥቶ ሥራውን ለቀቀ። አማካሪው ያኔ አልተባረረም፤ ጆንሰን ተሟገተለት። ጆንሰን ራሱም በኋላ አዋጁን ጥሶ በተገኘበት ድግስ በፖሊስ ተቀጣ። ልብ በሉ፣ በፖሊስ!

አፍሪካንም እንይ። እኛ አዋጁን ባወጅንበት በዚያው መጋቢት 30 ቀን፣ የደቡብ አፍሪካው ፕሬዚዳንት ራማፎሳ የኮሙኒኬሽን ሚኒስትራቸውን ስቴላ ንዳቤኒ-አብራሃምስን ለሁለት ወር ከሥራ አገዱ፤ አንዱን ወር ያለ ደመወዝ። ምን አድርጋ? ወዳጇ ቤት ምሳ በልታ! በአደባባይ ይቅርታ ጠየቀች፣ መቀጮም ከፈለች። አንድ ምሳ ነው እኮ! የእኛዎቹ ከተማ ሙሉ ሰው አስወጥተው አንድ «ይቅርታ» ሲሉ አልሰማንም።

ቁጣው የቅናት ነው የሚል ካለ ደግሞ ይህን ይስማ። ላንሴት የተባለው የታወቀ የሕክምና መጽሔት በ2012 ክረምት ባወጣው ጥናት ከ40 ሺህ በላይ ሰዎች የሰጡት መልስ ተመርምሮ፣ የአማካሪው ጉድ ከወጣ በኋላ እንግሊዝ ውስጥ ሕዝቡ መንግሥቱ ወረርሽኙን ይቋቋማል ብሎ የነበረው እምነት ወርዷል። የራሳቸው አስተዳደር ባላቸው በስኮትላንድና በዌልስ ግን እንደዚያ አልወረደም። አንድ ሰውዬ በነዳው መኪና! እኛ ዘንድ መርማሪ አያስፈልግም፤ ታክሲ መሳፈር ይበቃል። ከሐምሌ 26 በኋላ ማስኩ ከአፍንጫ ወደ አገጭ፣ ከአገጭ ወደ ኪስ ወረደ። «ማስክህን አድርግ» ያልከው ሰው «እነሱ ሲጨፍሩ የት ነበርክ?» ይልሃል። ምን ትመልስለታለህ?

«ሕዝቡ በገዛ ፈቃዱ ነው የወጣው» ይባላል። ታዲያ ሰባቱ ሴቶች በማን ፈቃድ ነበር ቡና ያፈሉት? «ጭፈራው ሜዳ ላይ፣ አየር ላይ ነበር» ይባላል። የእድር ድንኳንስ ሳሎን ውስጥ ነው እንዴ የሚተከለው?

ድሮ በዚህ አገር ሁለት ሰው ሲተናነቅ፣ መንገደኛው «በሕግ አምላክ!» ካለ እጅ ይላላ ነበር። ጠመንጃ የለ፣ ፖሊስ የለ፤ ቃሉ ብቻውን ያስቆም ነበር። ሕግ ከጌታውም ከሎሌውም በላይ ነው ብሎ ሰው ስለሚያምን ነው። ያ እምነት በአዋጅ አይመጣም፤ በገበያም አይገኝ። በ2012 ድሀው ከእነችግሩ አምኖ ሰጣቸው፤ እነሱ በአንድ እሑድ አባከኑት።

ነገ ደግሞ ሌላ በሽታ ይመጣል። በኅዳር 2018 ጂንካ ላይ ማርበርግ መገኘቱን ሰምተናል። የሚቀጥለው አዲስ አበባ ቢገባና «ቤታችሁ ቆዩ» ቢሉን፣ የሰበታው ወዛደር፣ የሱሉልታዋ ቸርቻሪ ምን ብለው ይታዘዛሉ? ያ ቀን ሲመጣ የሚሞተው ያው ድሀው ነው። የምጮኸው ለዚህ ነው!

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93፣ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የታሰሩ ሰዎች ስም ከነምክንያቱ በአንድ ወር ውስጥ ይፋ እንዲደረግ መርማሪ ቦርዱን ያዛል። የ2012ቱ ዝርዝር ሙሉውን በጋዜጣ ይታተም። ስንት ሰው ታሰረ፣ ስንት ብር ተቀጣ፣ ከነዚህ ውስጥ ስንቱ ባለሥልጣን ነው? ቆጥረን እንወቀው! ከእንግዲህ በሚወጣ ማንኛውም አዋጅ ላይ ደግሞ አንድ መስመር ትጨመርልን፦ አዋጁን የጣሰ ባለሥልጣን ከማንም በፊት ወንበሩን ይለቃል፣ ቀጥሎ እንደማንኛውም ሰው ይከሰሳል።

ይህን ማድረግ ካቃታችሁ፣ ዳግመኛ «ሕግ ነው እማማ» ብላችሁ የሐዘንተኛ ቡና አትበትኑ።

በሕግ አምላክ!