ስም የሌለው ክሬም

ወደ ግል የቆዳ ክሊኒክ ስንገባ አብዛኞቻችን ጥራትን የምንለካው በወለሉ ንጽሕና፣ በነጩ ጋዋንና ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ፈቃድ ነው። ፈቃዱ መኖር አለበት። ግን ፈቃድ የሚነግረን ቤቱ እንዲሠራ መፈቀዱን ብቻ ነው። ዛሬ ፊታችን ላይ የሚያርፈው ነገር ምን እንደሆነ አይነግረንም።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ጽሑፍ የሌለው ብልቃጥ ነው። አንዲት ሴት ለማዲያት ትሄዳለች፤ "እዚሁ የተቀመመ ነው" ተብሎ ክሬም ይሰጣታል። የመድኃኒቱ ስም የለም፣ መጠኑ የለም፣ የሚያበቃበት ቀን የለም። በሁለት ሳምንት ፊቷ ይፈካል፤ ጓደኞቿም አድራሻውን ይጠይቋታል።

እንዲህ ያለ ፈጣን ለውጥ ሲታይ ደስታው ቆም ብሎ ጥርጣሬው ይቅደም። ክሎቤታሶል የሚባለው ኃይለኛ ስቴሮይድ ፊትን ቶሎ ያሳምራል፤ ሲቆይ ግን ቆዳን ያሳሳል፣ የደም ሥር ያወጣል፣ ሲያቆሙት ደግሞ ፊት ይቀላል፣ ያቃጥላል። ሃይድሮኪኖን ያለ ሐኪም ክትትል ለረጅም ጊዜ ከተቀባ ሊያጠፋው የታሰበውን ጥቁረት በባሰ ጥቁረት ሊተካው ይችላል። ሜርኩሪ ያለበት ማንጪያ ኩላሊትን ይጎዳል። መቀመም በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ፋርማሲስት በሐኪም ትእዛዝ ቀምሞ፣ ይዘቱን ጽፎ ሲሰጥ ሕክምና ነው። ጥፋቱ መደበቁ ነው። ችግር የገጠማት ታካሚ ሌላ ሐኪም ዘንድ ብትሄድ እንኳ "ምን ተቀብተሽ ነበር?" ሲላት የምትመልሰው የላትም።

ሌዘሩም እንዲሁ ነው። የጨረሩን ኃይል የሚመጠው ሜላኒን ስለሆነ የእኛ ዓይነት ጠይም ቆዳ በቀላሉ ይቃጠላል። ለጥቁር ቆዳ 1064 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው መሣሪያ የሚመረጠው ለዚህ ነው። ስለዚህ "ሌዘር አለን" የሚለው ማስታወቂያ በቂ አይደለም። የትኛው ሌዘር? ማን ነው የያዘው? ስንት ቀን ሠልጥኖ?

መርፌውን ደግሞ ከአሜሪካ እንማር። በኒው ሜክሲኮ ግዛት ፈቃድ በሌለው አንድ የውበት ቤት የገዛ ደማቸው ተጣርቶ በመርፌ ፊታቸው ላይ የተሠራላቸው ደንበኞች ኤች አይ ቪ እንደያዛቸው የአገሪቱ የበሽታ መከላከያ ማዕከል በ2024 እ.ኤ.አ. ይፋ አድርጓል። ቤቱ የተዘጋው በ2018 ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ መጣል የነበረባቸው ዕቃዎች እንደገና ጥቅም ላይ ሲውሉ የሚመጣው ይህ ነው።

"የቆዳ ሐኪም ጥቂት ነው፤ ቁጥጥሩ ከጠበቀ ክሊኒኮች ይዘጋሉ፣ ሰውም ወደ ሳሎንና ወደ ገበያ ክሬም ይሄዳል" የሚል ክርክር አለ። የሐኪሙ እጥረት እውነት ነው፤ አለርት ሆስፒታል በር ላይ የሚሰለፈውን ሕዝብ ያየ ያውቀዋል። ነገር ግን ብልቃጥ ላይ ስም መጻፍ ክሊኒክ አይዘጋም። መርፌን ታካሚው ፊት ከማሸጊያው ማውጣት ክሊኒክ አይዘጋም። እነዚህን ማድረግ የከበደው ቤት ካለ፣ የከበደው ገንዘቡ ሳይሆን መታወቁ ነው።

ተቆጣጣሪው አካል ክፍልና አልጋ ቆጥሮ ከመመለስ አልፎ መሳቢያ ይክፈት፤ የሚሰጠውን ክሬም ናሙና ወስዶ ያስመርምር። እያንዳንዱ ክሊኒክም የተቃጠለና የተጎዳ ታካሚ የሚመዘገብበት መዝገብ ይኑረው፤ መዝገቡም ይታይ። በሥርዓት የሚሠሩ ጥሩ ሐኪሞች ከዚህ የሚያጡት ነገር የለም። እንዲያውም አሁን የሚጎዳቸው በአቋራጭ የሚያፈካው ጎረቤታቸው ነው።

እስከዚያው ለእናንተ፦ ስሙ ያልተጻፈበትን ክሬም አትቀበሉ። "ምን አለበት?" ብላችሁ ጠይቁ፤ በወረቀት ይጻፍላችሁ። "ሚስጥራችን ነው" ከተባላችሁ ቦርሳችሁን ይዛችሁ ውጡ።