ቅሬታ በጊዜው ሲነገር

በአስጐብኚ መሪነት ጁገልን ለመጐብኘት ሐረር ገባችሁ እንበል። ባረፋችሁበት ሆቴል የክፍሉ በር አልቈለፍ ቢል ወይም የቧንቧው ውኃ ቢቋረጥ ምን ታደርጋላችሁ? ብዙዎች በይሉኝታ ዝም ብለው ያድሩና በማግሥቱ በአምስቱ ጥንታዊ በሮች ሲዘዋወሩ አስጐብኚውን ያማርራሉ። ይህ ተገቢ አይመስለኝም። ክፍሉን ያከራየው ሆቴሉ ነውና ጉድለቱ በዚያው ምሽት ለእንግዳ ተቀባዩ በትሕትና ሊነገር፣ አስጐብኚውም ሊያውቀው ይገባል። ቁልፉ ይጠገናል፤ አለዚያም ክፍሉ ይለወጣል። የውኃው እጥረት ግን የከተማው ሊሆን ይችላል፤ ሐረርን ያጠጣ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ደርቆ እንደ ነበር አስታውሱ። ስለዚህ በባልዲ ውኃ መጠየቅ እንጂ ሠራተኛውን መቈጣት አይበጅም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ ጉድለትን በጊዜው የሚናገር እንግዳ ግን ለራሱም፣ ከእርሱ በኋላ ለሚመጣውም ይጠቅማል።