ቁጢጥ የሚል ልጅ
ልጃችሁ በጨዋታ መካከል ቁጢጥ ብሎ ሲያርፍ፣ ምላሱና ጥፍሩም ወደ ሰማያዊነት ሲያደላ ብታዩ፣ ስንፍና ነው ብላችሁ እንዳትቈጡት፣ ለሐኪምም እንድታሳዩት እናሳስባለን። ምናልባት ከልደቱ ጀምሮ በልቡ ውስጥ ቀዳዳ ኖሮ፣ ወደ ሳንባ የሚወስደውም የደም መንገድ ጠቦ ይሆናል፤ ሐኪሞች ይህን ጕድለት በፋሎ ስም ይጠሩታል።

በ1944 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር፣ በባልቲሞር ከተማ ዶክተር ብላሎክ ወደ አንዲት ሕፃን ክንድ የሚወርደውን የደም ሥር ወደ ሳንባዋ አዙረው ሰፉ። ሐሳቡን ያመጡት፣ መስማት ስለ ተሳናቸው የሕፃናትን ልብ በእጃቸው እየዳሰሱ የሚመረምሩት ዶክተር ሔለን ታውሲግ ናቸው። ከኋላ ቆመው ስፌቱን የመሩት ቪቪየን ቶማስ ግን ሐኪም እንኳ አልነበሩም! ሕፃኒቱ ከወራት በኋላ ብታርፍም፣ ከእርስዋ ወዲህ የታከሙት ብዙዎች ለዕድሜ በቁ። ጕድለቱ ራሱ ልብ ተከፍቶ የተጠገነው በ1954 ነው፤ ዛሬ ብዙ ጊዜ ልጁ ዓመት ሳይሞላው ይጠገናል።