ፈተናው ሲሾልክ የመርሳ ልጅ ምን አጠፋ?

ግንቦት 22 ቀን 2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ፌስቡክ ላይ ተዘርግፎ ተገኘና ተሰረዘ። ለመሆኑ ወረቀቱን ያሳተመው፣ ያሸገው፣ ያስጠበቀው ማን ነበር? መንግሥት! ቅጣቱ የወረደው ግን መርሳ ቁጭ ብሎ ደብተሩን በሚያገላብጠው ልጅ ላይ ነው። ሐምሌ ላይ ፌስቡክ፣ ትዊተር፣ ኢንስታግራምና ቫይበር ተዘጉ። የያኔው ቃል አቀባይ አቶ ጌታቸው ረዳ፣ ተማሪው እንዳይዘናጋ ነው አሉን። አይ አዛኝ! በ2009 እና በ2011 የፈተና ሰሞን ደግሞ ኢንተርኔቱ ከነጭራሹ ድርግም አለ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው።

በትምህርት ቤት ኮምፒውተር ላይ ብልግናው ይታገድ፤ የትኛው ወላጅ ይጠላል? ፈተና ክፍልም ስልክ አይግባ። የእኛ ጠብ ከዚያ ወዲያ ነው። ከነሐሴ 2015 በኋላ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥማ ለሰበብ እንኳ ፈተና አላስፈለገም። ያው የመርሳ ልጅ መጽሐፍ አልደረሰኝም፣ መምህር የለንም ሊል ቢፈልግ በምን ይናገር? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 «ማንኛውም ሰው» ይላል እንጂ «12ኛ ክፍልን ያለፈ» አይልም።

ትምህርት ሚኒስቴርም ኢትዮ ቴሌኮምም ይስሙ፦ የሚታገደው ገጽ፣ ያዘዘው ሰው፣ የሚከፈትበት ሰዓት ከፈተናው በፊት በየትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ይለጠፍ።